ሦስተኛው ሸሪክ

ለትምህርትና ለባህል ተቋማት ሕንፃ ስለሚነድፉ ሸሪኮች፤ መቀሌ ከተማ ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ለትምህርትና ለባህል ተቋማት ሕንፃ ስለሚነድፉ የአርክቴክቶች ሽርክና እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ርእሱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሁለት ባለሙያዎች ተስማምተው ቢሮ ይከፍታሉ፤ አንዱ ንድፍ ያወጣል፣ ሌላው ሥራ ይቆጣጠራል፤ እኔም የሠሩትን ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክር እየቆጠርሁ ባቀርብ ይበቃል ብዬ ነበር። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ባሰላሰልሁት ቍጥር አንድ ጥያቄ እየደጋገመ ይመጣብኝ ጀመር። ይኸውም፣ ቢሮው ከተዘጋና ሸሪኮቹ ከተለያዩ በኋላ ሕንፃውን ተሸክሞ የሚኖረው ማነው? የሚል ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ንግግር ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚሞክር ነው።

በንግድ ሕጋችን የኅብረት ሽርክና ማኅበር የሚባል የማኅበር ዓይነት አለ። በዚህ ማኅበር ውስጥ ሸሪኮቹ ትርፉን እንደሚካፈሉ ሁሉ ለማኅበሩ ዕዳም በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች ናቸው። ሕጉ እንግዲህ፣ ዕዳውን የማይሸከም ሰው በዚህ ማኅበር ሸሪክ ሊባል አይችልም ማለቱ ነው። ይህን ደንብ ወደ ሙያችን አምጥተን ስንመለከተው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የሕንፃ ዕዳ ማለት የሚያፈስ ጣራ፣ የሚሰነጠቅ ግድግዳ፣ ውኃ የማይደርሰው መጸዳጃ ቤት ነው። ይህን ዕዳ ዓመት ከዓመት የሚከፍለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ በውሉ ላይ ያልሰፈረ ሰው ነው፤ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ነው፣ ዘበኛው ነው፣ ለጥገና የሚጠራው የሰፈሩ ግንበኛ ነው። ከትርፉ ሳይካፈል ዕዳውን የሚከፍለውን ይህን ሰው እኔ ሦስተኛው ሸሪክ እለዋለሁ።

ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዚህች ከተማ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን መቀሌን መናገሻቸው ሲያደርጉ፣ ቤተ መንግሥቱ ከ1874 እስከ 1876 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ገደማ ተሠራ። የሥራው መሪ ጣሊያናዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ ሲሆን፣ ረዳቱ ዊልያም ሺምፐር ነበር። ሺምፐር በትግራይ ለብዙ ዘመን ኖሮ በዓድዋ የሞተው የጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ልጅ ነው፤ በእናቱ ወገን ግን የዚሁ አገር ሰው ነው። እንግዲህ በመቀሌ ምድር ሁለት ሰዎች በአንድ ሥራ ላይ ተጣምረው እናገኛቸዋለን፤ አንደኛው የውጭውን አገር የእንጨት ጥበብ ይዞ የመጣ፣ ሁለተኛው በሁለት ቋንቋና በሁለት ባህል መካከል የሚመላለስ።

በመጻሕፍት የሚነሡት እነዚህ ሁለት ስሞች ናቸው። ይሁን እንጂ ከሕንፃው ፊት ቆሞ ግድግዳውን በእጁ የዳሰሰ ባለሙያ ሁሉ ያንን ድንጋይ የጠረቡት እነዚህ ሁለት ሰዎች ብቻ እንዳልሆኑ ያውቃል። ድንጋይን መጥረብና መደርደር በትግራይ ከናሬቲ መምጣት በፊት ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ሙያ ነው። የአክሱም ዘመን ግንበኞች ድንጋይንና እንጨትን እያፈራረቁ ግድግዳ ያቆሙ ነበር፤ የአግዳሚው እንጨት ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚታይበትን ያን አሠራር ዛሬም በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እናየዋለን። የገበሬው ህድሞም ቢሆን በድንጋይ ግድግዳ ላይ ወራጅ ተጋድሞ፣ ርብራብ ተነጥፎ፣ አፈር ተደልድሎ የሚሠራ ነው። ቤተ መንግሥቱ ሲሠራ ናሬቲ ለግንበኞቹ ያስተማረው ነገር ይኖራል፤ ግንበኞቹም ለናሬቲ ያስተማሩት ነገር እንዳለ የሚመሰክረው ግድግዳው ራሱ ነው። ሕንፃው ለንጉሥ መኖሪያ ተሠርቶ በኋላ ቤተ መዘክር ለመሆን የበቃውም ስለዚህ ይመስለኛል። በአገሩ ድንጋይና እንጨት፣ በአገሩ እጅ የተሠራ ስለሆነ፣ ሲጎዳ የሚጠግነው እጅ በአቅራቢያው አላጣም።

ይህን ሁሉ ዛሬ እንደ ዐዋቂ ብናገረውም የተማርሁት ግን በራሴ ጥፋት ነው። ገና ወጣት ሳለሁ፣ ከዚህ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የንባብ ክፍል እንድነድፍ ተሰጠኝ። እኔም ባለ ጠፍጣፋ አርማታ ጣራ፣ ዙሪያውን አጠር ባለ ግንብ የተከበበ፣ አሸንዳውም ከውጭ እንዳይታይ በግንቡ ውስጥ የተደበቀ ሕንፃ ነደፍሁ። በወረቀት ላይ እጅግ ያምር ነበር። ሥራው በተጀመረ ጊዜ አንድ አዛውንት ግንበኛ ፕላኑን በትዕግሥት ተመልክተው ሲያበቁ ውኃው በየት በኩል እንደሚወጣ ጠየቁኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አቦይ፣ አሸንዳው በሒሳብ የተለካ ነው» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ዝናቡን ለክተኸዋል፤ አቧራውን ግን አልለካኸውም» አሉኝ።

አልሰማኋቸውም። በሁለተኛው ክረምት ከትምህርት ቤቱ ጥሪ ደረሰኝ። በበጋው ነፋስ ያመጣው አቧራና ቅጠል የተደበቀውን አሸንዳ ደፍኖት ኖሮ፣ የሐምሌ ዝናብ ከበረዶ ጋር ሲወርድ ጣራው ላይ ኩሬ ሠርቶ በስንጥቁ ወደ ክፍሉ ገብቷል። ኮርኒሱ ወድቋል፤ መጻሕፍቱ ርሰው አብጠዋል። ልጆቹ መጻሕፍቱን በግቢው ሣር ላይ አንድ በአንድ ገልጠው ፀሐይ ሲያሞቁ ያየሁት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። እኒያ አዛውንት አጥሩን ግንብ በአራት ቦታ ሰብረው፣ ከቆርቆሮ የታጠፈ አሸንዳ ወደ ውጭ አውጥተው ነገሩን በሁለት ቀን ጨረሱት። ማንም ገንዘብ አልከፈላቸውም፤ የልጅ ልጃቸው የሚማረው እዚያ ነበር። ሳመሰግናቸው የመለሱልኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ቀድመህ ብትጠይቀኝ ኖሮ አንሰብረውም ነበር»።

ክቡራንና ክቡራት፤ እንግዲህ የእኔን ዕዳ የከፈለው ሦስተኛው ሸሪክ ይህ ነው።

ይህን ካልሁ ዘንድ፣ ዘመናዊው የሥነ ሕንፃ ሙያ በአገራችን በተደራጀበት ወቅት በአዲስ አበባ የነበረውን ልምድ እንመልከት። የባህልና የትምህርት ተቋማት በብዛት የተሠሩበት ያ ዘመን የትብብር ሥራ ዘመን ነበር። የዛሬው ብሔራዊ ቴያትር ሕንፃ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ ሲኒማ ቤት ነበር፤ ፈረንሳዊው አርክቴክት ኦንሪ ሾሜት እንደገና ነድፎት በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ደረሰ፤ ከፊት ለፊቱ የቆመውን የአንበሳ ሐውልት የቀረጸው ደግሞ ሞሪስ ካልካ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ሲሆን፣ በውስጡ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም የመስተዋት ሥዕል የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። በእነዚህ ሥራዎች አርክቴክቱና ሠዓሊው ወይም ቀራፂው እየተጋገዙ ሠርተዋል።

ለዛሬው ርእሳችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበረው የዛልማን ኤናቭና የሚካኤል ቴድሮስ ቢሮ ነው። ኤናቭ በሎንዶን ስለ ሞቃት አገሮች ሥነ ሕንፃ የተማረ እስራኤላዊ ሲሆን፣ ሚካኤል ቴድሮስ በዘመናዊ መንገድ ሠልጥነው ለሙያው ከበቁት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አርክቴክቶች አንዱ ነው። ሁለቱ በሽርክና ከሠሯቸው ሥራዎች መካከል የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የፍልውኃ መታጠቢያ እንዲሁም የካርታ ሥራና የጂኦግራፊ ድርጅት ሕንፃዎች ይገኛሉ፤ ለዩኒቨርሲቲውም ነድፈዋል።

የዚህን ቢሮ ዋጋ የምንመዝነው በሕንፃዎቹ መልክ ብቻ አይደለም። በዚያን ጊዜ ታላላቅ የመንግሥት ሕንፃዎች በአብዛኛው በውጭ አገር ሰዎች ፊርማ የሚቆሙ ነበሩ። በአንድ ፕላን ላይ የኢትዮጵያዊ ስም ከውጭ አገሩ ባለሙያ ስም ጎን እኩል ተጽፎ መታየቱ ለሚቀጥለው ትውልድ ትልቅ ትርጉም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ ኢትዮጵያውያን የሕንፃ ባለሙያዎችን እያሠለጠነ፣ የአገሩን የግንባታ ዕቃ እየመረመረ፣ ያን ስም የሚከተሉ ብዙ ስሞች እንዲኖሩ መንገድ ከፍቷል። ዛሬ እዚህ የተሰበሰብነው እኛ የዚያ ፍሬ ነን። በመሆኑም የመጀመሪያው ትውልድ ሁለተኛውን ሸሪክ፣ ማለት አገር በቀሉን አርክቴክት፣ ወደ ንድፍ ጠረጴዛው አቅርቦልናል። ሦስተኛውን ማቅረብ የእኛ ተራ ነው።

አሁን ወደ መቀሌ ልመለስ። ሕንፃ ከተሠራለት ዓላማ በላይ ዕድሜ እንዳለው የዚህችን ከተማ ያህል የሚያስተምር ቦታ ጥቂት ነው። ቤተ መንግሥቱ ቤተ መዘክር መሆኑን ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ፤ በአዲስ አበባም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆኖ፣ በኋላ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምንና ቤተ መዘክሩን ለማስተናገድ በቅቷል። በእንዳየሱስ ኮረብታ ላይ የነበረው ደግሞ የጣሊያን ጦር ምሽግ ነው። በታኅሣሥና በጥር 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ከቦት ሳለ፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ በመያዙ፣ በውስጡ የነበረው ጦር በውኃ ጥም ተጨንቆ ምሽጉን ለቀቀ። ሁለት ኮሌጆች ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፣ ዋናው ግቢው በዚያው በእንዳየሱስ ሆነ። ምሽግ በነበረበት ኮረብታ ዛሬ አርክቴክቶችና መሐንዲሶች ይሠለጥናሉ። ያን ምሽግ የነደፈው መሐንዲስ ስለ ግንቡ ውፍረት አብዝቶ አስቦ ይሆናል፤ ምሽጉን ያሸነፈው ግን ከግንቡ ውጭ የነበረው ውኃ ነው። በውኃ እጥረት በምትቸገር ከተማ ትምህርት ቤት የሚነድፍ ባለሙያ ይህን ታሪክ ሊረሳው አይገባም።

የሕንፃ ዓላማ መለወጥ ሁልጊዜ በሰላምና በምርቃት ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ ደግሞ በራሳችን ዘመን አይተናል። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ፣ የመቀሌ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ ቤተሰቦች መጠለያ ሆኑ። ለአንድ መምህርና ለተማሪዎች የተነደፈ ክፍል ለብዙ ቤተሰብ ማደሪያ፣ ማብሰያና መታመሚያ ሆነ። ግድግዳው በጢስ ጠቆረ፤ ለጥቂት ሰዓት አገልግሎት የተለካው መጸዳጃ ቤት ቀንም ሌሊትም የሚያገለግል ሆነ። ልጆችም ለዓመታት ከትምህርት ተለዩ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ክፍሎቹን እንደገና ለትምህርት ማዘጋጀት ሲጀመር፣ መጀመሪያ መጥረጊያና ኖራ ይዞ የተገኘው ማን ነበር? አርክቴክቱ አልነበረም። መምህሩ፣ ዘበኛው፣ የሰፈሩ ግንበኛ፣ እንዲሁም ራሳቸው ተጠልለው የነበሩት ሰዎች ነበሩ። ዕዳ ከፋዩ ዛሬም ያው ሦስተኛው ሸሪክ ነው።

በእነዚህ ዓመታት የሚጠገኑትና እንደገና የሚሠሩት ትምህርት ቤቶች ለእኛ ሙያ ትልቅ ፈተና ናቸው። ከሩቅ የተዘጋጀ ወጥ ንድፍ አምጥቶ በየቦታው ማተም ይቻላል፤ ፈጣን ነው፣ ለሒሳብም ይመቻል። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «ልጆች ሜዳ ላይ እየተማሩ ሳለ ከግንበኛ ጋር ስብሰባ ስንቀመጥ እንኖራለን?» ብለው ሲጠይቁኝ ሰምቻለሁ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የጠፋው የትምህርት ዘመን ተመልሶ የማይገኝ ስለሆነ፣ መፍጠን ግዴታ ነው። የጥርብ ድንጋይ ሥራም ከብሎኬት ሥራ ይልቅ ጊዜ እንደሚወስድ አልክድም።

ይሁን እንጂ ወጥ ንድፍ ሊወስነው የሚችለው ነገር አለ፤ ሊወስነው የማይችለውም አለ። የክፍሉን ስፋት፣ የመስኮቱን ቍጥር፣ የወንበሩን አደራደር አንድ ጊዜ አጥንቶ በሁሉም ቦታ መጠቀም ይቻላል። መሠረቱ ግን በኮረብታው በሃ ድንጋይ ላይ ሲያርፍና ከኮረብታው ሥር ባለው ዋልካ አፈር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊሆን አይችልም፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ የቱ የድንጋይ ጉድጓድ ጠንካራ ድንጋይ እንደሚሰጥ፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የሚነግረን በቦታው የኖረ ሰው ነው። ይህን ለመጠየቅ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃል። ከእኔ ተማሩ፤ እኔ ያን አንድ ቀን በመቆጠቤ አንድ ቤተ መጻሕፍት ረጥቧል።

ስለዚህ ማኅበራችን አራት ነገሮችን የሥራ ልማድ እንዲያደርጋቸው በትሕትና አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለባህል ተቋም ንድፍ ከመጀመሩ በፊት፣ አርክቴክቱ ከአካባቢው ግንበኞች፣ ከርእሰ መምህሩና ከዘበኛው ጋር በቦታው ተገኝቶ ይመካከር። ለግንበኞቹም የዋሉበት የቀን ዋጋ ከንድፉ ሒሳብ ይከፈላቸው፤ ምክራቸው ሙያ እንጂ ውለታ አይደለምና።

ሁለተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ሕንፃው በእርግጥ እንደተሠራበት ሁኔታ የታረመ ፕላን በተቋሙ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ከእርሱም ጋር በትግርኛና በአማርኛ የተጻፈ አጭር የጥገና መመሪያ ይኑር፤ የውኃው ቧንቧ በየት እንደሚያልፍ፣ አሸንዳው ሰኔ ከመግባቱ በፊት እንዲጠረግ፣ የትኛው ግድግዳ ቢነካ አደጋ እንዳለው የሚናገር። ፕላኑ በቢሮው መሳቢያ ብቻ የሚቀር ከሆነ፣ ቢሮው የተዘጋ ዕለት ሕንፃው አንደበቱን ያጣል።

ሦስተኛ፣ አርክቴክቱ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ተመልሶ ሕንፃውን የመጎብኘት ግዴታ በውሉ ይግባበት፤ የአገልግሎት ዋጋውም ከፊሉ እስከዚያ ቀን ይቆይ። ይህ ለኪሳችን የሚጎረብጥ ሐሳብ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ሐኪም መድኃኒት አዝዞ በሽተኛውን ሳያየው አይቀርም፤ እኛም ዝናብ ያልመታውን ጣራ ጨርሰናል ብለን ልንፈርም አይገባንም።

አራተኛ፣ በምርቃት ድንጋዩ ላይ ከባለሥልጣኑና ከአርክቴክቱ ስም በታች የዋናው ግንበኛና የዋናው አናጢ ስም ይጻፍ። ይህ ወጪው ጥቂት ፊደል መቅረጽ ብቻ ነው። የአፄ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት በጎበኘሁ ቍጥር ከናሬቲና ከሺምፐር ስም ጋር ልጠራው የምፈልገው የአንድ ግንበኛ ስም እያጣሁ እመለሳለሁ። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ባለሙያዎች በዛሬዎቹ ትምህርት ቤቶች ፊት ቆመው ይህ ቅር እንዲላቸው አልፈልግም።

ክቡራንና ክቡራት፤ ትምህርት ቤት ስንሠራ የመጀመሪያው ትምህርት የሚሰጠው ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት ነው። አርክቴክቱ ግንበኛውን ሲጠይቅ፣ ግንበኛውም ለአርክቴክቱ ሲመልስ፣ በአጥሩ ዙሪያ ቆመው የሚመለከቱ ልጆች ዐዋቂ ሰው መጠየቅን እንደማያፍርበት ያያሉ። እኔ ይህን የተማርሁት ዘግይቼ፣ በርጥብ መጻሕፍት መካከል ቆሜ ነው። እናንተ፣ በተለይም ከእንዳየሱስ ግቢ በቅርቡ ተመርቃችሁ የማኅበራችን አባል የሆናችሁ ወጣቶች፣ በደረቅ መሬት ላይ ቆማችሁ እንድትማሩት እመኛለሁ።